የሚፈታው ሌንስና የማይፈታው፦ የሁለት ካሜራዎች ታሪክና የገዢው ምርጫ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ካሜራ ምርጫ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው የዕቃ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ በዓመቱ ያረጃል። አንድ ዕቃ ለምን እንደዚህ ሆኖ እንደ ተሠራ የሚያስረዳው ታሪክ ግን ዕቃው ከገበያ ከጠፋ በኋላ እንኳ ያገለግላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መጀመር መርጫለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማኅበራችን አባላት መካከል በተለይ ወጣቶቹ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ይህ ነው፦ «ያለኝ ገንዘብ ለአንድ ካሜራ ብቻ ይበቃል። ሌንሱ የሚፈታውን፣ ለጀማሪ የተሠራውን ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ልግዛ? ወይስ ሌንሱ ከአካሉ ጋር የተያያዘውን፣ ሩቁን ሁሉ የሚያቀርበውን ብሪጅ ካሜራ?» ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ለጀማሪ ባለሙያ የብዙ ወራት ቁጠባ የሚጠይቅ ውሳኔ ስለሆነ፣ የተሳሳተ እንደሆነ ጸጸቱ ቀላል አይደለም።

ይህን የምለው ከራሴ ልምድ ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ለጀማሪ የተሠራ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ከነ 18–55 ሌንሱ ይዤ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄድሁ። ዋልያዎቹ ከገደሉ ማዶ ቆመው ነበር። በዓይኔ ቀንዳቸውን ለየሁት፤ በፎቶግራፉ ላይ ግን ከድንጋዩ የማይለዩ ነጥቦች ሆነው ወጡ። በንዴት ካሜራውን ሸጥሁና አንድ ነጋዴ «ይህ ሁሉን ይችላል» ብሎ የመሰከረለትን ብሪጅ ካሜራ ገዛሁ። በዚያው ዓመት ማኅሌት በሚቆምበት ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገኘሁ። ብርሃኑ የጧፍ ብርሃን ብቻ ነበር። መቋሚያው ሲወዛወዝ፣ ጸናጽሉ ሲነሣና ሲወድቅ ያየሁትን ግርማ በማግሥቱ በፎቶግራፍ ብፈልገው፣ ያገኘሁት የደበዘዘና በነጠብጣብ የተሞላ ጥላ ብቻ ሆነ። ሁለት ጊዜ ገንዘብ አወጣሁ፤ ሁለት ጊዜም የፈለግሁትን አጣሁ። ካሜራዎቹ ግን አልበደሉኝም። እያንዳንዳቸው የተሠሩበትን ጉዳይ ሳላውቅ ያልተሠሩበትን ሥራ የጠየቅኋቸው እኔ ነበርሁ።

የመስተዋቱ ታሪክ

ዲ.ኤስ.ኤል.አር. የሚባለው ካሜራ መሠረተ ሐሳቡ በጣም አሮጌ ነው። ይኸውም ሰው በሚያይበት ሌንስ በዚያው እንዲያነሣ ማድረግ ነው። ማያው ከሌንሱ የተለየ እንደሆነ፣ ዓይን የሚያየውና ፊልሙ የሚቀበለው በትክክል አይገጥሙም። ወደ ነገሩ በቀረቡ ወይም ረጅም ሌንስ በገጠሙ ቁጥር ልዩነቱ ይከፋል። መድኀኒቱ ከሌንሱ በስተኋላ አንድ መስተዋት አዘንብሎ አቁሞ ምስሉን ወደ ዓይን መመለስ ነው። በዚህ አሳብ ለተሠራ ካሜራ እንግሊዛዊው ቶማስ ሳተን በ1861 የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር።

አሳቡ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ሥራ ለመሥራት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። በ1936 በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ኢሃጌ የተባለው ፋብሪካ ኪኔ ኤክዛክታን አወጣ። ሰው ግን ከላይ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ማየት ነበረበት፤ ምስሉም ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ይታይ ነበር። ይህን ችግር በ1949 እዚያው ድሬስደን የተሠራው ኮንታክስ ኤስ በፕሪዝም አቃለለው። በ1954 ደግሞ የጃፓኑ አሳሂ ኩባንያ ባወጣው አሳሂፍሌክስ 2ቢ መስተዋቱ ካነሣ በኋላ ወዲያው ወደ ቦታው የሚመለስ ሆነ። ከዚያ በፊት አንሺው ቁልፉን ሲጫን ማያው ጨልሞ ይቀር ነበር። በ1959 ኒኮን ኤፍ እነዚህን ሁሉ አዋሕዶ፣ በርከት ካሉ ሌንሶች ጋር ወጣ። የጋዜጣና የመጽሔት ፎቶግራፍ አንሺዎችም ተቀበሉት። «ባለሙያ ማለት ሌንስ የሚለውጥ ሰው ነው» የሚለው እምነት ሥር የሰደደው ከዚያ ዘመን ወዲህ ይመስለኛል።

እምነቱ ግን ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። በ1925 በላይፕሲክ ትርኢት ለሕዝብ የቀረበችው የመጀመሪያይቱ ላይካ ሌንሷ የማይፈታ 50 ሚሊ ሜትር ነበር። ሌንሱ የሚፈታው ላይካ የመጣው በ1930 ነው። እንግዲህ የማይፈታ ሌንስ በራሱ የጀማሪ ምልክት አልነበረም፤ የሚፈታውም የመጣው ለክብር ሳይሆን ለችግር ነው። አንዱ ሌንስ ሰፊውን ያያል፤ ሌላው ጠባቡንና ሩቁን ያቀርባል፤ ሁለቱን በአንድ ብርጭቆ ማዋሐድ በዚያን ጊዜ አልተቻለም ነበር።

ይህን ለመቻል የመጀመሪያው እርምጃ የተወሰደው ኒኮን ኤፍ በወጣበት በዚያው በ1959 ነው። ፍራንክ ባክ የነደፈውና ፎይክትሌንደር ለገበያ ያቀረበው ዙማር የተባለው ሌንስ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ላይ ከ36 እስከ 82 ሚሊ ሜትር ድረስ ሳይፈታ ይለዋወጥ ነበር። እንዲህ ሆኖ ሁለቱ መንገዶች በአንድ ዓመት ተከፈቱ ማለት ይቻላል፦ አንደኛው ሌንስ መለወጥ፣ ሁለተኛው ሌንሱ ራሱ እንዲለወጥ ማድረግ።

ድልድዩ

«ብሪጅ» ማለት ድልድይ ነው። ስሙ የወጣው ካሜራው በኪስ በሚያዘው ትንሽ ካሜራና ሌንሱ በሚፈታው መካከል እንደ ድልድይ በመቆሙ ነው። ብዙ ሰው ይህ ዐይነት ካሜራ ከዲጂታል ጋር የመጣ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በፊልሙ ዘመን የተወለደ ነው። በ1985 ሚኖልታ 7000 በካሜራው አካል ውስጥ ባለ ሞተር ሌንሱን በራሱ የሚያስተካክል ሥርዐት አምጥቶ ገበያውን ካናወጠ በኋላ፣ ሌሎች ፋብሪካዎች «ሌንስ መለወጥ የማይፈልግ፣ ነገር ግን ጥሩ ምስል የሚፈልግ ገዢ አለ» ብለው ተነሡ። በ1987 ያሺካ ሳሙራይ፣ በ1988 ሪኮ ሚራይ፣ በ1990 ደግሞ የኦሊምፐስ አይ.ኤስ. ካሜራዎች ወጡ።

እነዚህ ካሜራዎች ሥራቸው መልካም ሆኖ ሳለ ዓለምን አላሸነፉም። ምክንያቱ በፊልሙ ስፋት ላይ ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ምስል 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ስፋት በብርሃን የሚሸፍን ረጅም ዙም ለመሥራት ብርጭቆው ከባድና ውድ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ሪኮ ሚራይም ሆነ የመጀመሪያው አይ.ኤስ. ከ35 እስከ 135 ሚሊ ሜትር ደርሰው ቆሙ። ያሺካ ሳሙራይ ግን ሌላ ብልሃት ፈለገ፤ በአንድ ምስል ቦታ ሁለት የሚያስገባ ግማሽ ምስል ተጠቀመ። ምስሉ ካነሰ ሌንሱም ያንሳል። የኋለኛው ዘመን ታሪክ በሙሉ በዚህ ትንሽ ብልሃት ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ፊልሙ በሴንሰር ሲተካ

በ1969 በቤል ቤተ ሙከራ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠውን ሲሲዲ አሰቡ፤ ለዚህም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ ዐሥር ሺህ ነጥብ ያለውን አንድ ምስል በካሴት ላይ ለመመዝገብም 23 ሰኮንድ ይፈጅበት ነበር። በ1991 ኮዳክ በኒኮን ኤፍ3 አካል ላይ 1.3 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ሴንሰር ገጥሞ ለዜና ሰዎች ሸጠ፤ ምስሉ የሚከማችበትን ሣጥን አንሺው በትከሻው ያንጠለጥለው ነበር። በ1999 ኒኮን ዲ1 በ2.7 ሚሊዮን ነጥብ ሲወጣ፣ የዜና ድርጅቶች ፊልምን መተው ጀመሩ፤ ዋጋው ግን በአምስት ሺህ ዶላር አካባቢ ስለ ነበረ ለተራው ሰው የማይቀመስ ነበር።

የዋጋው ምክንያት ሴንሰሩ ነው። ሴንሰሮች የሚቈረጡት ከአንድ ክብ የሲሊኮን ገበታ ላይ ነው። ትልቅ ሴንሰር ሲሆን ከገበታው የሚወጣው ጥቂት ነው፤ በገበታው ላይ የምትገኝ ትንሽ እንከንም አንዱን ትልቅ ቁራጭ በሙሉ ታበላሻለች። ትንሽ ሴንሰር ግን እንደ ዳቦ ቁራሽ ብዙ ይወጣዋል። ስለዚህ ለብዙኃኑ ገበያ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ትንሹን ሴንሰር ያዙ፤ ሳያስቡትም የያሺካ ሳሙራይን ብልሃት እስከ ጫፉ ወሰዱት። በ2000 ኦሊምፐስ ሲ-2100 ዐሥር እጥፍ የሚያቀርብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥንም የሚያረግብ ሌንስ ይዞ ወጣ። በ2002 የፓናሶኒክ ኤፍዜድ1 ዐሥራ ሁለት እጥፍ ደረሰ፤ ከ35 እስከ 420 ሚሊ ሜትር በሚሰጠው እይታ ሁሉ ቀዳዳውን በ2.8 ያቆይ ነበር። በፊልም ካሜራ ይህን የሚያህል ሌንስ በሰው እጅ የሚያዝ አልነበረም።

በማግሥቱ ዓመት በ2003 የወዲያኛው ወገን መልስ ሰጠ። ካኖን ኢኦኤስ 300ዲ 6.3 ሚሊዮን ነጥብ ባለው ትልቅ ሴንሰር፣ ከ18–55 ሌንሱ ጋር በአሜሪካ ገበያ በ999 ዶላር ቀረበ። ከአንድ ሺህ ዶላር በታች የወረደ የመጀመሪያው ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ይህ ነው። ኒኮን በ2004 በዲ70፣ በ2006 ደግሞ ከዚያ በቀነሰው በዲ40 ተከተለው። ዛሬ ወጣቶቻችን የሚጠይቁት ጥያቄ የተወለደው በእነዚህ ዓመታት ነው፤ ሁለቱ ካሜራዎች በአንድ መደርደሪያ ላይ በተቀራረበ ዋጋ ጎን ለጎን ተቀመጡና።

የብርሃንና የቅርበት ሂሳብ

ከዚህ በኋላ ብሪጅ ካሜራው በቅርበት ላይ ሩጫውን ቀጠለ። በ2012 የካኖን ኤስኤክስ50 ሃምሳ እጥፍ፣ በ2015 የኒኮን ፒ900 ሰማንያ ሦስት እጥፍ፣ በ2018 ፒ1000 መቶ ሃያ አምስት እጥፍ ደረሱ። የፒ1000 ሌንስ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሚዛን ከ24 እስከ 3000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የጨረቃን ጉድጓዶች ያለ ሌላ መሣሪያ የሚያሳይ ካሜራ ነው።

ይህ ተአምር የሚመስለው ነገር ግን ዋጋ አለው። የሌንሱ እውነተኛ የትኩረት ርቀት 539 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ 3000 የሚያሰኘው ሴንሰሩ ትንሽ በመሆኑ ነው። የሴንሰሩ ስፋት 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የካኖን የጀማሪ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ግን 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። ብናባዛው የኋለኛው ዐሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። በተመሳሳይ ቀዳዳና በተመሳሳይ ፍጥነት ሁለቱ ቢያነሡ፣ ትልቁ የሚሰበስበው ብርሃን ዐሥራ ሁለት እጥፍ ነው። በጠራ ፀሐይ ብርሃን ስለሚተርፍ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። በጧፍ ብርሃን ግን የምስሉ ነፍስ በዚህ ልዩነት ላይ ትንጠለጠላለች። በሌሊቱ ማኅሌት የገጠመኝ ነገር ይኸው ነበር።

ሆኖም ሂሳቡ በዚህ አያበቃም። ከጀማሪው ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ጋር የሚሸጠው 18–55 ሌንስ ወደ ረጅሙ ጫፍ ሲገፋ ቀዳዳው 5.6 ይሆናል። በ2012 የወጣው የፓናሶኒክ ኤፍዜድ200 ግን ከ25 እስከ 600 በሚሰጠው እይታ ሁሉ ቀዳዳው 2.8 ነው። ይህ ከ5.6 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ ዐሥራ ሁለት እጥፍ የነበረው ብልጫ ወደ ሦስት እጥፍ ይወርዳል፤ ቅርበቱንም ስናስብ፣ 18–55 በካኖን ላይ የሚሰጠው እይታ ከ29 እስከ 88 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ሌንሱን ፈጽሞ ሳይለውጥ የሚኖር የዲ.ኤስ.ኤል.አር. ባለቤት፣ በእውነቱ የያዘው ሌንሱ የማይፈታ፣ ሩቁንም የማያቀርብ ካሜራ ነው።

ነገሩ የሚገለበጠው ሁለተኛው ሌንስ ሲመጣ ነው። ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው 50 ሚሊ ሜትር ባለ 1.8 ቀዳዳ ሌንስ፣ 5.6 ከሚያስገባው ዐሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ይህ ሌንስ በጀማሪው አካል ላይ ሲገጠም ከኤፍዜድ200 ጋር ያለው የብርሃን ብልጫ ወደ ሃያ ዘጠኝ እጥፍ ያድጋል። በዚያ ሌሊት ማኅሌቱን ሊያወጣልኝ ይችል የነበረው ይህ ነው፤ ዋልያውን ግን እርሱም አያቀርብልኝም ነበር። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው የአባቶች አነጋገር በካሜራ ላይ እንደሚሠራ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ክርክሩ እንዴት ተፈጸመ

ሁለቱ ወገኖች ሲፎካከሩ ሦስተኛው መጣ። በ2008 ፓናሶኒክ ጂ1ን አወጣ። መስተዋት የለውም፤ እንደ ብሪጅ ካሜራ በኤሌክትሮኒክ ማያ ያሳያል፤ ነገር ግን እንደ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ሌንሱ ይፈታል፤ ሴንሰሩም ከብሪጁ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ባለሙያ ማያውን ናቀው። ይሁን እንጂ የጃፓን ካሜራ ፋብሪካዎች ማኅበር በ2020 ባወጣው ቁጥር፣ ወደ ገበያ ከተላኩት ካሜራዎች መካከል መስተዋት የለሾቹ ከዲ.ኤስ.ኤል.አር. በልጠው ተገኙ። በ2018 የወጣው የኒኮን ዲ3500 ለጀማሪዎች ከተሠሩት የዚያ ቤተሰብ ካሜራዎች የመጨረሻው ሆኖ ቀረ። ድልድይ ተብሎ ሲናቅ የነበረው ካሜራ ማያውን ለአሸናፊው አወረሰ፤ ዲ.ኤስ.ኤል.አር.ም ሌንስ የመለወጥን ሥርዐት አወረሰ። በሌላው በኩል ትንንሾቹን ካሜራዎች የስልክ ካሜራ ጠራርጎ ሲወስዳቸው፣ ረጅሙ ዙም ግን ስልክ የማይደርስበት ሆኖ ቆየ። ኒኮን በ2025 ፒ1100ን ማውጣቱ ለዚህ ምስክር ነው።

ታዲያ ክርክሩ ካበቃ ጥያቄው ለምን አላበቃም? መስተዋት የለሹ አዲስ ካሜራ ከነሌንሶቹ ውድ ስለሆነ ነው። ባለጸጋው የተወው ዲ.ኤስ.ኤል.አር. በሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ይወርዳል፤ ገንዘቡ ያነሰው ወጣትም ከብሪጁ ጋር የሚያነጻጽረው እዚያ ነው።

ለገዢው የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ ለባልደረቦቼ የማቀርበው ምክር ዕቃውን ሳይሆን ራስን መጠየቅ ነው።

አንደኛ፣ የማነሣው ነገር የት ይቆማል? ብርሃኑስ ምን ያህል ነው? ወፍ የሚያጠና፣ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን የሚከታተል፣ በሜዳ ላይ ቀን ለቀን የሚሠራ ሰው ብሪጁን ቢመርጥ አያፍርም። ሰርግን፣ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዐት፣ የአዳራሽ ስብሰባንና የሰውን ፊት በቤት ውስጥ የሚያነሣ ግን ትልቁን ሴንሰር ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ሁለተኛውን ሌንስ እገዛለሁን? መልሱ «አዎን» ከሆነ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. የሚያድግ ንብረት ነው። «አይደለም» ከሆነ የመለወጡ ጥቅም በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ገንዘቡን ሁሉ በአካሉ ላይ ከማፍሰስ፣ አካሉን ከአሮጌው መርጦ ለሌንሱ ማስቀረት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ዕቃው ቢበላሽስ? የብሪጁ ሌንስ ከተሰበረ ካሜራው በሙሉ ይቆማል። በሌላው በኩል በአቧራማ መንገድ ላይ ሌንስ መለወጥ አቧራን ወደ ሴንሰሩ ይጋብዛል፤ የማይፈታው ሌንስ ከዚህ ችግር በአብዛኛው ይጠብቃል።

በሁለተኛ እጅ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኒኮን ከዲ40 ጀምሮ በጀማሪ ካሜራዎቹ አካል ውስጥ የትኩረት ሞተር አላስገባም፤ ስለዚህ በውስጡ ሞተር የሌለው የቀድሞ ሌንስ በእነርሱ ላይ በእጅ ብቻ ይሠራል። ብሪጁን በሚመለከት፣ ምስሉን ሳይጨመቅ በጥሬው የሚያስቀምጥ መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ፒ900 ይህ የለውም፤ ፒ1000 ግን አለው።

በመጨረሻ ስለ ራሴ ልናገር። ዛሬ በቦርሳዬ ውስጥ ያለው አሮጌ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ነው፤ ሥራዬ ከሰውና ከቤት ውስጥ ብርሃን ጋር ስለሆነ። ወደ ሰሜን ስወጣ ግን ከአንድ ወዳጄ ብሪጅ ካሜራ እዋሳለሁ፤ እርሱም ሰርግ ሲጠራ የእኔን ይዋሳል። የማኅበራችን አባላት ገንዘባቸው ለአንድ ካሜራ ብቻ ቢበቃ፣ እርስ በርስ በመዋዋስ ሁለቱን ዛፍ መውጣት ይቻላል የሚል እምነት አለኝ።